ገንፎ ያልቀረበለት አውሬ

የልጅ ልጆቼ ባለ ቀለሙን የፊልም አውሬ አምጥተው አሳዩኝ። ሰማያዊ እሳት ይተፋል፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይታያል፣ ሲያገሳ ቁምሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። «እንዴት ነው እማማ?» አሉኝ። «ሥጋ ቤት ይመስላል» አልኳቸው። ሁሉም ነገር ተሰቅሎ፣ ሁሉም ነገር ቀልቶ። ሳቁብኝ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

እኔ የምወደው ጥቁርና ነጩን ነው። ያረጀውን፣ ካፊያ የሚዘንብበት የሚመስለውን፣ አውሬው ሲራመድ የጎማ ቆዳው ጉልበቱ ላይ እንደ ሰፊ ሱሪ የሚሸበሸበውን። ውስጡ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ልጅም አይደለሁ፣ ጅልም አይደለሁ። የሚረግጣቸው ቤቶች ካርቶን እንደሆኑም አውቃለሁ። ግን እነዚያን ቤቶች አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሠርቷቸዋል። መስኮታቸውን በምላጭ ቀዷል፣ በረንዳቸው ላይ ልብስ አስጥቷል። ለሚፈርስ ቤት እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው። እኛ ልንኖርበት ለምንሠራው ቤት እንኳ እንዲህ አንጠነቀቅም።

በጊደር መጋላ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ስልኬን የእርዱ ጆንያ ላይ አስደግፌ አያለሁ። ጎረቤቴ በርበሬ ሻጯ አንገቷን አስግጋ ታይና «አቦ አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከዘንዶ ጋር ምን አገናኘሽ?» ትለኛለች። «ዘንዶው አይዋሽም» እላታለሁ። እሷ ትስቃለች። ምክንያቱን ብነግራት ገበያው ይበተናል። ነገሩ የሚጀምረው ከወንድሜ ነው።

ወንድሜ በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። ያደግነው ጀጎል ውስጥ ነው። ሲኒማ ቤቱ ደግሞ ከግንቡ ውጭ፣ ከሸዋ በር ወዲያ ነበር። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ወታደሮች፣ አስተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ይገቡበታል፤ ከእኛም ወገን ወንዶቹ ይሄዳሉ። የእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ሲኒማ ገባች ከተባለ ግን እናቷ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀና ብላ አትሄድም። ስለዚህ ፊልም ወደ እኛ የሚመጣው በወንድሜ አፍ ነበር።

እሁድ ከሲኒማ ተመልሶ ዓስር ሰላቱን ይሰግድና ይጀምራል። እናቴ፣ አያቴና የጎረቤት ልጃገረዶች ስፌታችንን ይዘን ነደባው ላይ እንቀመጣለን። ነደባ በእኛ ቤት ከፍና ዝቅ ተደርጎ የተሠራ መደብ ነው። ማን ከላይ ማን ከታች እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ የላይኛው የቤቱ ትልቅ ሰው ቦታ ነው። ወንድሜ ገና ጢም ሳያበቅል፣ ፊልም በሚነግረን ጊዜ ብቻ፣ የላይኛው ላይ እንዲቆም ይፈቀድለት ነበር። ሐቁን ልናገር፤ ሲናገር የሚያክለው አልነበረም። የመዳብ ትሪ በጉልበቱ እየመታ የአውሬውን እርምጃ ሲያሰማን አያቴ መርፌዋን ትሰካና «ቢስሚላህ» ትላለች።

ካወራልን ሁሉ አንዱን የሚያህል አልነበረም። በአንድ ባሕር ዳር የጨው ተራራ አለ። ከተራራው ሥር ከኑሕ ዘመን ጀምሮ የተኛ አውሬ አለ፤ አንገቱ እንደ ኤሊ፣ እግሩ እንደ ዝሆን። ሰዎች ጨው ለማውጣት ብለው ተራራውን በድማሚት ይሰነጥቁታል። አውሬው ይነቃል። ግራ እግሩ በድማሚቱ ተጎድቷልና እያነከሰ ወደ ከተማው ይመጣል። ወታደሮች ይተኩሱበታል፤ ጥይቱ ከቆዳው ላይ እንደ ዝናብ ይንሸራተታል።

«ከዚያስ?» እንለዋለን።

«ከዚያማ የከተማው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አንደኛው ተነሣና 'ጀማዓ፣ የቀሰቀስነው እኛ ነን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። እሱ ርቦታል' አለ። ገንፎ አስገነፉ። ጀልባ የሚያህል ገንፎ! መሀሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቷል። ከበሩ ውጭ አስቀመጡለት። አውሬው መጣ፣ ተንበረከከ፣ ላሰ። ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ዞሮ ወደ ባሕሩ ገባ።»

«አልሐምዱሊላህ» አልን ሁላችንም።

ማናችንም አልተገረምንም። በእኛ አገር በአሹራ በዓል ገንፎ ተሠርቶ፣ ቅቤ ተደርጎበት ከግንቡ ውጭ ለጅብ ይወሰዳል። ሽማግሌዎች ቆመው ያያሉ። ጅቡ ቀምሶ ከበላ ዓመቱ ደግ ነው፤ አሽትቶ ትቶት ከሄደ ሰው ሁሉ ይጨነቃል። ግንቡም ላይ ጅብ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ከተማ አውሬውን ማብላቱ ለእኔ ከተማ በር እንዳለው ያህል ነበር። የዓለም ከተማ ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

ያ ፊልም ከጊዜ በኋላ ተመልሶ መጣ። እኔም ወንድሜን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣሁት። አውሬውን ብቻ አልነበረም ማየት የፈለግኩት። ያን ሁሉ ገንፎ፣ ያን የቅቤ ኩሬ፣ አውሬው ሲንበረከክ ማየት ነበር የፈለግኩት። «እምቢ ካልክ ሲጋራ ማጨስህን ለአባታችን እናገራለሁ» አልኩት። አንገራግሮ እሺ አለ። የራሱን ካፖርት አለበሰኝ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ሹሩባዬን በኮፍያው ሸፈነው። በሸዋ በር ስናልፍ እጄን ጨምድዶ ይዞ «ድምፅሽን ከሰማሁ እገልሻለሁ» አለኝ። እጁ ያልበው ነበር። እስከ ዛሬ ያንን ላብ መዳፌ ላይ አውቀዋለሁ።

ውስጡ የብርቱካን ልጣጭና የቡትስ ቀለም ይሸታል። ጥግ ላይ፣ በእሱና በግድግዳው መሀል አስቀመጠኝ። ከፊታችን ወታደሮች ነበሩ። ከዚያ ጨለመና አውሬው መጣ።

ወንድሜ አልዋሸም ነበር። እርምጃው ልክ እንደ ትሪው ነበር። ግራ እግሩን ይጎትታል። አንድ ነገር ብቻ አልነገረንም፤ ዓይኑን። ዓይኑ ነጭ በነጭ ሆኖ አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። ከተማው በሙሉ ይሮጣል። ማን ቀሰቀሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ አልፈራሁም። ገንፎው እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነበር። አውሬው የወደቡን ደረጃ መውጣት ጀመረ። ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ባለ መነጽር ምሁር አንድ ነገር ተናገረ። ወንድሜ በጆሮዬ ተረጎመልኝ፦ «'ያሳዝናል፣ ግን መሞት አለበት' ነው የሚለው።»

ተነሥቼ ቆምኩ። በቤታችን ቋንቋ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ገንፎውስ? ገንፎውን አምጡለት እንጂ! ርቦታል እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው ለወታደሮቹ ተረጎመላቸው መሰለኝ፣ ጣሪያው እስኪነሣ ሳቁ። አንዱ ወታደር «ቅቤም ጨምሩበት እንጂ!» አለ። ሌላው ዞሮ ኮፍያዬን በጣቱ መታው፤ ወደቀ። ሹሩባዬ ተዘረገፈ። ከኋላ የሰፈራችን ሰው ክብሪት ጭሮ «ሱብሐነላህ! ይቺ የጎረቤታችን ልጅ አይደለችም?» ሲል ሰማሁ። ወደ ወንድሜ ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነበር።

አውሬው የሞተው ሰው እየሳቀ ነው። ደረጃው ላይ ወድቆ አንገቱን ዘረጋ። እኔ ብቻ ነኝ ያለቀስኩት፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አላውቅም።

ካፖርቱን እየጎተትኩ ብቻዬን ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አባታችን ከላይኛው ነደባ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ከታች ቆሟል፤ ንጹሕ ኮፍያ አድርጓል፣ ፊቱን ታጥቧል።

«ማን ወሰደሽ?» አሉኝ አባታችን።

«እሱ።»

«አንተ ነህ?»

«ወላሂ አላየኋትም» አለ ወንድሜ። «ካፖርቴን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ነው የሄደችው።»

«ወላሂ እሱ ነው!» አልኩ እኔም።

የሁለት ልጆች ወላሂ ተጋጨ። ሚዛኑ ወደ ወንዱ አጋደለ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አልመቱኝም። በማግስቱ ብቻ ደብተሬ የተቀመጠበት ቦታ ላይ የሐር ክር ተቀምጦ አገኘሁ። «ከእንግዲህ ስፌትሽን ስፊ» ማለታቸው ነበር። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። በሒሳብ ከወንዶቹ እቀድም ነበር። አስተማሪያችን ቤታችን ድረስ መጥቶ ለመነ፤ አባቴ ከሸዋ የመጣውን ሰው በአክብሮት ተቀበሉት፣ ተምር አቀረቡለት፣ በአክብሮት ሸኙት። ትምህርቴ እዚያ ላይ አለቀ። ይህን የምጽፍበትን ፊደል ይዤ ቀረሁ፤ የቀረውን ከጋዜጣና ከመድኃኒት ወረቀት ላይ ነው የለቀምኩት።

ወንድሜ አስተማሪ ሆነ። ከተማው ውስጥ በእጁ ያላለፈ የለም። መንገድ ላይ ሲያልፍ ጎልማሶች ከተቀመጡበት ይነሣሉ። አላህም ሰውም ያከበረው ሰው ነው። አልቀናበትም ብል እዋሻለሁ፤ እቀናበታለሁ። ግን ከዚያ የባሰ አለ። ያን ቀን ቀልድ አደረገው። በሠርጉ፣ በልጆቹ ሠርግ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያወራዋል፦ «ይቺ እህቴ ካፖርቴን ሰርቃ ሲኒማ ገብታ፣ ለአውሬው ገንፎ ካልሰጣችሁ ብላ አዳራሹን በጠበጠችው!» ድምፄን ያስመስላል። ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም እስቅ ነበር። አንድ ሠርግ ላይ መሳቅ አቆምኩ። «እሱ ነው የወሰደኝ» ስል «አይ አንቺ፣ አሁንም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ዘንድ ስሜ ቂመኛ ነው።

ባሌ በሕይወት ሳለ የቪዲዮ ማጫወቻ ገዝቶልኝ ነበር። ካሴት አከራዩ የህንድ ፊልም ሲዘረጋልኝ «ጥቁርና ነጭ አውሬ የለህም?» እለዋለሁ። ግንባሩን ይቧጭራል፣ ግን ፈልጎ ያመጣልኛል። ብዙ አየሁ። አንዱ ከባሕር ይወጣል፣ አንዱ ከበረዶ ውስጥ፣ አንዱ ከሰማይ ይወርዳል። ታሪካቸው ግን አንድ ነው። የማይነካውን የነካ ሰው አለ። አውሬው ይነቃል። የነካው ሰው መነጽሩን እየጠረገ ስብሰባ ይቀመጣል፣ አውሬው ይሞታል፣ የነካው ሰው ይሸለማል።

እንግዲህ እኔን የሚይዘኝ ይኸው ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ጥፋት ትልቅ ነው። በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። ከተማው በሙሉ ያየዋል፤ በማግስቱ «አላየኋትም» ብሎ የሚምል የለም። የእኔን ትምህርት የበላው ግን ጥርስም ጭራም አልነበረውም። ንጹሕ ኮፍያ ነበረው። የቤት ቁመት ያለው ነገር በላኝ ብትሉ ሰው ያምናችኋል፤ ወንድሜ በላኝ ብትሉ ምቀኛ ትባላላችሁ።

ቀለሙንም የማልፈልገው ለዚህ ነው። ቀለም ሲገባበት የሠሩት ሰዎች ሁሉንም ጨርሰውታል፤ ለእኔ የተተወ ነገር የለም። በጥቁርና ነጩ ግን ግማሹ ጨለማ ነው። ጨለማውን ተመልካቹ ይሞላዋል። እኔ የምሞላበት አላጣም። ልጆቹ «አይ ይሄ እንኳ አያስፈራም» ይላሉ። ማን ያስፈራል አለ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት አውሬውን አይደለም፤ ባለ መነጽሩን ነው። «ያሳዝናል፣ ግን» የሚለውን።

ዘንድሮ በአሹራ ዕለት፣ አቦከር ሰፈር ወደሚገኘው የወንድሜ ቤት ሄድኩ። ስኳር ዓይኑን ወስዶታል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ቤቱ አዲስ ነው፣ ሳሎኑ ውስጥ ግን ነደባ አሠርቷል። እሱ ከላይኛው ላይ ነበር። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ቤቱ ሙሉ ነው። ጓዳ ውስጥ ገንፎው እየተገነፋ ነበር። እኔ በር አጠገብ ከታች ተቀመጥኩ። ሁልጊዜ እዚያ ነው የምቀመጠው፤ ለመውጣት ይመቻል።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጁ ላፕቶፗን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘችና «አባባ! የእርስዎን አውሬ አገኘሁት! ያንን የጨው ተራራውን!» አለች።

ወንድሜ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ዋሽተሽ ነው።»

«ወላሂ! ኢንተርኔት ላይ ሙሉው አለ።»

«ታዲያ እኔ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለ። ቀጥሎ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ፤ የት እንደምቀመጥ ያውቃል። «እህቴ ትንገረኝ። እሷ ታውቀዋለች። ነይ፣ ወደዚህ ውጪ።»

በዚያ ቤት የላይኛው ነደባ ላይ የወጣሁት ያን ዕለት ነው። በልቤ እንዲህ አልኩ፦ ጊዜው ዛሬ ነው። እኔ አንድ ሳልቀንስ አንድ ሳልጨምር እነግረዋለሁ። የጮህኩበት ቦታ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። እዚያ ላይ፣ በልጆቹ ፊት፣ «እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ» ካለ አውፍ፣ ይቅር እለዋለሁ። ያለፈው ትምህርቴ ይመለስ አላልኩም፣ ይቅርታ ጠይቅ አላልኩም። ያቺን አንድ አረፍተ ነገር ብቻ።

ፊልሙ ጀመረ። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ካፊያው ይዘንባል። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ «ኧረ ጎማ ነው!» አሉ። እኔ መናገር ስጀምር ግን ጸጥ አሉ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ወደ እኔ አዘንብሏል።

«አሁን የት ደረሰ?»

«ገበያው ውስጥ። ጋሪ ተገልብጧል። አንዲት ሴት ጫማዋን ጥላ ሮጠች።»

«ያነክሳል?»

«ያነክሳል።»

«በግራው ነው አይደል?»

«በግራው።»

ፈገግ አለ። ልጅነቱ ፊቱ ላይ መጣ፤ እኔም ለአፍታ የመዳቡ ትሪ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እንደዚያ ጎን ለጎን ከተቀመጥን ዘመን አልፎናል። ለአፍታ ያህል ምንም ባይልም ይቅር ለማለት ዳድቶኝ ነበር።

አውሬው ወደቡ ላይ ደረሰ። ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ባለ መነጽሩ ሰውዬ አፉን ከፈተ። እኔ አፌን ዘጋሁ።

«እማማ፣ ቀጥሉ እንጂ» አለች የልጅ ልጁ።

«እዚህ ላይ ነው ተነሥቼ የጮህኩት» አልኩ። ቤቱ ገና መሳቅ ጀመረ፤ ቀልዱ የመጣ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «ስጮህ አጠገቤ ማን ነበር?»

ወንድሜ ሳቁን ይወዳል፤ ሰው ሲስቅ ዝም ማለት አይችልም። «አጠገብሽማ ግድግዳ ነበር!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። «አዎ» አልኩት፣ «ግድግዳ ነበር። ጥግ ላይ ነበርኩ። ይህን ለአንድ ሰው ነግሬ አላውቅም። አንተ በምን አወቅህ?»

ሁሉም አልገባቸውም። የልጅ ልጁ ግን ገባት፤ ፊልሙን አቆመችው። አውሬው አንድ እግሩን አንሥቶ ደረጃው ላይ ቀረ። የወንድሜ ሚስት «አቦ ተይው ባክሽ፣ በዚህ በተባረከ ቀን…» ብላ ጀመረችና የባሏን ፊት አይታ አልጨረሰችውም። ወንድሜ መቁጠሪያውን በጣቱ ያንቀሳቅሳል። ፍሬ አይቆጥርም፣ ዝም ብሎ ያንቀሳቅሳል። ከዚያ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ «ካፖርቱ ከብዶሽ ነበር» አለ።

ሰማሁት። ያን ሁሉ ዘመን ጠብቄ በጆሮዬ ሰማሁት። ግን እኔ በሹክሹክታ አልተከሰስኩም። ከትምህርት ቤት የወጣሁት በሹክሹክታ አይደለም። በየሠርጉ የተሳቀብኝ በሹክሹክታ አይደለም።

«ጮክ በል» አልኩት።

አንገቱን አቀረቀረ። ጉሮሮውን ጠረገ። ቤቱ በሙሉ ይጠብቃል፤ ልጆቹ እንኳ። ቀና አለና በዚያ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ ሲያሰኝበት በኖረው ድምፅ ተናገረ፦

«ገንፎው ይቅረብ። ልጆቹ ተርበዋል።»

ገንፎው መጣ። ትልቅ ገበቴ፣ መሀሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቷል። መጀመሪያ ፊቴ አስቀመጡት። ወንድሜ ማንኪያውን በዳበሳ ፈልጎ በገዛ እጁ ሰጠኝ። «ብዪ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይብቃሽ፣ ብዪ።»

ማንኪያውን ይዤ አየሁት። እሱ በተረከልን ታሪክ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ገንፎውን ከማቅረባቸው በፊት አንድ ነገር ብለዋል። የቀሰቀስነው እኛ ነን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ብለዋል። አውሬው የበላው ከዚያ በኋላ ነው። ታሪኩን የፈጠረው ራሱ ወንድሜ ነው፤ ያቺን ቃል የጨመረው እሱ ነው። ያኔ ገና ልጅ ሆኖ ያውቃት ነበር ማለት ነው። ለእኔ ግን ዘለላት፤ ገንፎውን ብቻ አቀረበልኝ።

ማንኪያውን ገበቴው ዳር ላይ አስቀመጥኩና ተነሣሁ።

ሚስቱ ደነገጠች። «አስተግፊሩላህ! የአሹራን ገንፎ ሳትቀምሺ? ዓመቱ እንዴት ሊሆንብን ነው?» አለች። ሌሎቹም ተንጫጩ፤ አንዲቷ ነጠላዬን ያዘች። ማንም ግን ለምን አልበላሽም ብሎ አልጠየቀኝም። የጨነቃቸው ዓመቱ ነው። ከነደባው ወርጄ ጫማዬን አደረግኩ፤ ወንድሜ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ የእግሬን ድምፅ ሲያዳምጥ አየሁት።

አሁን ከተማው ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው። በፊልም አኩርፋ የአሹራ ገንፎ ገፋች ይላሉ። በርበሬ ሻጯ ሳትቀር «አቦ ዘንዶሽ አጣላሽ?» አለችኝ። ሚዛኔን አስተካከልኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የልጅ ልጁ ጊደር መጋላ መጣች። ጥቁር አዝሙድ እንደምትገዛ መስላ ጆንያዎቹን ስትዳብስ ቆየች።

«እማማ፣ የወሰዱዎት እሳቸው ናቸው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«እሱን ጠይቂው።»

«ጠየቅኳቸው።»

«ምን አለሽ?»

«ፊልሙን ክፈችልኝ ብቻ አሉኝ። በየቀኑ ነው የሚያስከፍቱኝ። እኔ ነኝ አሁን የምነግራቸው።»

«እስከ መጨረሻው ይሰማል?»

አዝሙዱን በመዳፏ ይዛ አቀረቀረች። «አይ። ደረጃው ላይ ሲደርስ አጥፊው ይሉኛል።»

አዝሙዱን መዘንኩላት። ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቅኩ፤ እኔ ሳይረጋ አንሥቼ አላውቅም። ከዚያ ቋጥሬ እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

«ከእንግዲህ አታጥፊበት» አልኳት።